ያምናው አፈር

በጭኔ ላይ ብልቃጥ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ከማራኪ ወረድኩ፣ ቆላ ድባን ብዬ።
«ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ ረዳቱ።
«ነፍሶች ናቸው» ብለው፣ «ስንት ናቸው?» ማለቱ።
«በአንዲት ጠብታ ውስጥ፣ መቶ ሚሊዮን ያህል።»
«እንግዲያው አንቺ ክፈይ፣ የነሱ ይቅር» ሲል፣
ሚኒባሱ ሳቀ፤ አዘዞን አለፍን።

የደምቢያ ዋልካ አፈር፣ ጫማዬን ውጦብኝ፣
አያ ቢሆነኝ ወጥቶ፣ በዱላው ጎተተኝ።
የዩሪያ ዕዳ ወረቀት፣ አራት ታጥፎ በኪሱ፣
«እኒህ ያመጣሻቸው፣ ምን ይበላሉ እነሱ?»

«ሽምብራው ቤት ይሰጣል፣ ከሥሩ ላይ ቆርሶ፣
ነፋስ ምግብ ይሆናል፣ በነሱ በኩል ደርሶ።»

«ይህስ ሻይ የመሰለው?»
«ብረት ነው፣ በግራዋ ጭማቂ የደቀቀ፤
የጠጉርህን ውፍረት፣ ሺህ ቦታ ብትሰነጥቀው፣
ከስንጥሩ አንዱን ነው፣ ዓይን የማይለቅመው።»
«ብረትስ የማውቀው፣ ማረሻና ማጭድ ነው፤
እንዲህ ጭስ ያረገው፣ የየት አገር ቀጥቃጭ ነው?»

አለና ዘሩን አሸ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ፀሐይ እንዳያያቸው፣
እንደ አራስ ሸፋፍኖ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ።
አንድ እግር ሽምብራ ነቀለ፣
ከሥሩ ያለውን እባጭ በጥፍሩ ሰነጠቀ።
ቀይ። እንደ ሕፃን ድድ።
«ደም አለው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።
ሲወቃ፣ ከዩሪያው ማሳ አልበለጠም፤
አላነሰም ግን።
ደረሰኝ የለውም ብቻ።

በክረምቱ መብራት ጠፋ፤ አንድ ቀን፣ ሦስት፣ ስድስት።
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለው፤ ፍሪጁን ላብ አጠመቀው፤
ብልቃጦቼ ሁሉ ሸተቱ።
መስከረም ሲጠባ ባዶ እጄን ወረድኩ፣
ይቅርታ ልጠይቅ።

አያ ቢሆነኝ እጄን አላየም።
ከጎተራው ሥር አንድ ከረጢት ጎተተ፣
ዩሪያ ይላል ከላዩ፤
ውስጡ ያምናው አፈር፣
ከዚያችው ማሳ የተዛቀ፣ እርጥብ፣ ጥቁር።
ለነጓንጉል አምስት ጣሳ፣
ለእማሆይ ጠጂቱ ሦስት ሰፍሮ አበድሯል።

«ነፍስ ነው አላልሽም? ነፍስ ያለው ይወልዳል።
የዩሪያው ወለዱ፣ ወይፈኔን አሸጠኝ፤
እነዚህም ወለዱ፣ አፈሬን ሞሉልኝ።»

አንድ ጣሳ ለመንኩት፣ ለላቦራቶሪው።
ሰፈረልኝ፣ አፉን በመዳፉ ጠረገ፤
ያን አራት የታጠፈ ወረቀት
ከኪሱ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣
በጀርባው ስሜን አስፈረመኝ።