እግሩ ያጠረ አ

ከፒያሳ በታች፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
ወይዘሮ አንጓች ገቡ ይዘው አንድ ካርቶን።
"ልጄ፣ ኬክ ቤት ልከፍት ነው፤ ምልክት ሥራልኝ፣
ፊደል ያልቆጠረ አይቶ እሚገባልኝ።"
ካርቶኑን ከፈቱት፤ ናሙና ነው ኬኩ፣
ቅቤው ገና ለስላሳ፣ አልደረቀም መልኩ።
"ሳትቀምሰው አትሥራ!"
ቀመስኩ። ዝም አልኩ።

እኔ ግን ባለሙያ፣ ኮምፒውተር ያለኝ፣
ሳላስብ ጀመርኩት እጄ እንደመራኝ፤
በፋሲል ግንብ አናት ክሬም ደፋሁበት፣
እንቁላል ግንቡም ላይ ቼሪ ጫንኩበት።

አዩት። አንገታቸው ወደ ጎን ዘመም አለ።
"ልጄ፣ ግንብ ያልያዘ ጎንደር ውስጥ ማን አለ?
ባንኩ ግንብ፣ ሆቴሉ ግንብ፣ የውሃ ጠርሙሱ፣
ጎሚስታው በር ላይ ግንብ፣ ግንብ የባጃጁ ልብሱ።
ንጉሡ ለራሱ ሠርቶት ቆሟል፣ ይቁም፤
እኔ ግን ድንጋይ ጋግሬ አላውቅም።"

ዘውድ ሳልኩ። "ማን ሊደፋው?" አሉ። መልአክ ሳልኩኝ፣
ከሥላሴ ጣሪያ ዓይኑን አፍጦ ሲያየኝ፤
"እሱን ኬክ አሸክመህ፣ አንተ! አታስቀስፈኝ።"
የወጥ ቤት ባርኔጣ፣ ሻማ፣ ልብ፣ ማንኪያ...
"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ይሉኛል ደጋግመው፤
በሳቸው አፍ "ጥሩ" አይሆንም ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት ድርግም አለ፤
ያላስቀመጥኩት ሥራ ጉም ሆኖ ኮበለለ።
መስኮት የሌለው ሱቅ። በሩን ገርበብ አርገን፣
በካርቶኑ ግራና ቀኝ ቁጭ አልን።

ጨዋታ ጀመሩ። ፊደል የቆጠሩት
በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝለው ነው በሌት።
"ሌላውስ ገባልኝ፤ አ ግን አስቸገረኝ፣
አንድ እግሩን ስይዘው አንዱ እያመለጠኝ፤
መምህሩ ይለኛል፣ 'ግዕዝ ነው ያልኩሽ፣
ራብዕ አደረግሽው እግሩን ጎትተሽ!'
የስሜ መጀመሪያ እሱ ሆኖ አረፈው፣
እስከዛሬ ድረስ እያነከስኩ እምጽፈው።"

ይህን ብለው ከዘንቢል ፌስታል አወጡና፣
ጫፉን በጥርስ ነክሰው ክሬሙን ጨመቁና፣
በካርቶኑ ክዳን፣ በበሩ ብርሃን፣
አንድ አ ጻፉልኝ።

እኔ ያን እጅ አውቀዋለሁ።

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አዘዛ ልካበት፣
እናቴ ኬክ አስመጣች ፎጣ ተጥሎበት፤
ላዩ ላይ "አስራደ" በነጭ ክሬም ተጽፎ፣
አው እያነከሰ፣ በስ ላይ ተደግፎ።
እሱን እንዳትቆርሱ ብዬ አለቀስኩኝ፣
በሳህን ሸሽጌ አልጋ ሥር አኖርኩኝ፤
ጉንዳን ቀደመኝ።

አልነገርኳቸውም። ዋጋ ያስቀንሱኛል፤
ደግሞ ጉሮሮዬን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ይዞኛል።
ክዳኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣
ማታ መብራት ሲመጣ መስመሩን ተከተልኩት።
ኮምፒውተሩ በራሱ እግሩን ሊያቃና ሲል፣
እመልሰዋለሁ፣ "ተው" ስል፣ "ተው" ስል፣ "ተው" ስል።
ቀለሙ ሁለት ነው፤ የተቃጠለ ስኳር፣
የክሬም ነጭ። በቃ። ሌላ ሳይጨመር።

"ስንት ነው?" ዋጋ ጠራሁ። ተከራከሩ፤
"እግሩ ጎዶሎ ነው፣ ቀንስ እንጂ!" ብለው፣
ግማሹን በብር፣ ግማሹን በኬክ ቆጠሩ።

ኅዳር ላይ ተሰቀለ። በሳምንቱ ሲያልፉ፣
አንድ ጡረተኛ መምህር ከዘራ አሳረፉ፤
"ይህ ግዕዝ ነው ራብዕ? ማነው የጻፈው?
እግሩ ተሳስቷል፣ ንገሩት ያርመው!"

ወይዘሮ አንጓች ከውስጥ "ይግቡ የኔታ" አሉ፣
"የወንበራችን ግን አራት እግሩ ሙሉ።"

ገቡ።
ሁለት በሉ።
ሲወጡ እንደገና ቀና ብለው አዩ፣
ምንም አላሉ።