የፈረስ ጭራ

ነርስ ነኝ። ሃያ ዓመት፣ በዌልስ ሸለቆ ውስጥ፣
ሥራዬ ነበረ ደረት ማዳመጥ።
ጣሪያው የሰሌዳ፣ አጥሩ የሰሌዳ፣
የመቃብሩ ራስ ያው ጥቁር ሰሌዳ፤
ድንጋይ ፈልጠው ያረጁ የሰፈሩ ወንዶች
ሲስሉ ይሰማል እስከ ጎረቤቶች።

ኤምሪስም አንዱ ነው።
ረቡዕ ረቡዕ ማለዳ ጀርባውን ገልጬ
አዳምጠው ነበር፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ።
ሳንባው ጠጠር መንገድ፣ ትንፋሹ እግረኛ፤
አንድ እርምጃ ሄዶ የሚያርፍ መንገደኛ።
"ምንድን ነው?" ቢለኝ፣ "ሲሊካ ነው" አልኩት፤
"አንተ ድንጋይ ፈለጥክ፣ እሱ ገባ ቤት።"
ሳቀ። ሳል ያዘው።
በመጋቢት ሞተ።

ከዚያም በኋላ ረቡዕን አልተውኩም፤
ለኤሊኔድ እንጂ ለሥራ አልመጣሁም።
በሰኔ አንድ ቀን ከጓሮ ባገኛት፣
ድስት ጥዳ ነበር፣ እንፋሎት ከቧት።
ጎመን መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳየው
ያ የፈረስ ጭራ፣ ያ እርኩስ አረም ነው።
ነቅለው የማይጨርሱት፣ ሥሩ ሰው ልክ ወርዶ፣
ከድንጋይ ቁልል ሥር የሚወጣ ማልዶ፤
ኤምሪስ በደህናው ቀን በአካፋ ሲያሳድደው፣
"ይኼስ ከእኔ በኋላ ነው የሚሞተው" ያለው፤
እናቷ በዘመኗ ድስት የፈተገችበት፣
አናጢ ወንበሩን ያለሰለሰበት፣
በጣት ሲያሹት የሚሻክር፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት።

"ለኪያሬ ነው" አለች፣ እያማሰለች።
"አምና ክሽክሽ መጥጦ፣ አባጨጓሬ በልቶ፣
የቀረው ነጣብኝ፣ ሻጋታ ተቀብቶ።
መርዝ አልረጭም እኔ፣ ንቦች ምን በደሉ?
አጥንት ልስጣቸውና ራሳቸው ይታገሉ።"
"ምን አጥንት አለው?" አልኩ። "ሲሊካ" አለችኝ፤
ጆሮዬ ውስጥ ያለ ሳል ቀሰቀሰችብኝ።

"ሥሩ ከውሃ ጋር ቀስ አድርጎ ይጠጣል፤
ውሃው በፀሐይ ሲሄድ እሱ ግን ይቀራል፤
ከቅጠሉ ቆዳ ሥር፣ ጡብ በጡብ ሲደረደር፣
ዓይን የማያየው የመስተዋት አጥር።
የክሽክሽ መርፌ ሲወጋው ይጎብጣል፤
የአባጨጓሬውም መንጋጋ ይዶለዱማል።
ታምር አይምሰልሽ፤ የሚበላ ይበላል፣
ግን ጥርሱን እያመመው፣ ግን ዘግይቶ ይበላል።
ቀድሞ ነው እንጂ ይኼ፣ ከታመመ ወዲያ
አይሆንም" አለችና ዞር አለች ወደዚያ።

ልናገር አልናገር ስል አፌ ቀደመኝ፤
"ኤሊኔድ፣ ይኼ እኮ..." አላስጨረሰችኝ።
"ኤምሪስን የገደለው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።
አርባ ዓመት ሸሚዙን በእጄ አጥቤዋለሁ፤
የባልዲው ሥር ሁሌ ግራጫ ነበረ፤
ባሌ ከድንጋይ ጋር ተጋብቶ ኖረ።
ድንጋዩ ምን አጠፋ? ያለ ቦታው ገባ፤
ሲደርቅ ወደ ሳንባ፣ ሲሟሟ ወደ አበባ።
ዕዳ ግን አለበት፤ ካሳዬን ይክፈለኝ፤
ባሌን የወሰደ፣ ኪያሬን ይጠብቅልኝ።"

ከዚያ በአሮጌ ሸሚዙ ውሃውን አጠለለች፤
አንዱን እጅ በአምስት እጅ ውሃ በረዘች።
ከአጥር ማዶ ኢድወል አንገቱን አስግጎ፣
"የአረም ሾርባሽ በሰለ?" አላት ሳቅ አድርጎ።
"ጨው ብቻ ነው የቀረው" አለች፣ አላየችውም፤
መርጫውን ሰጠችኝ፤ እምቢ አላልኳትም።

ነሐሴ ላይ ሄድኩ። ቀንድ አውጣ ሁለቱን
በልቷል፤ ያ አይቀርም። እኔ የተረፉትን
በመዳፌ ዳበስኩ፤ ቅጠሉ ሻከረኝ፤
ያልተላጨ ጉንጭ ነው፣ እጄ አሳሳተችኝ።
ኤሊኔድ ቢላዋ ልታመጣ ገብታ፣
ማዳመጫዬን ሰካሁ በዚያች አንድ አፍታ።
ሞኝነት ነው፤ ሆኖም
ከቅጠሉ ደረት አኖርኩት። ምንም፣
ምንም ኮሽታ የለም።
ዝናብ ብቻ ነበር፣ ሳያርፍ የሚራመድ፣
ጠጠር በሌለበት፣ በአረንጓዴ መንገድ።