ይቅር ባይ ብረት

ናዚፍ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ዓይነት የጎልፍ ብረት፤
አንዱ ስስ እንደ ምላጭ፥ የማያውቅ ምሕረት፥
ልቡን ካገኙለት እንደ ደወል ይጮኻል፥
ፀጉር ታክል ቢስቱት ክርን ድረስ ይቀጣል።
ያኛው ጀርባው ሰፊ፥ ደንደን ያለ ከንፈሩ፥
በዳር በኩል ቢመቱትም አይጠቁርም ግንባሩ።

ድሮማ ስሱን ነበር፤ ከጥጃ ቀድሜ
መቶ ኳስ ስመታ ኪቶ ሜዳ ቆሜ።
ዛሬ ማክሰኞዬን የሌት ተራ በላት፥
ሐሙስን የእናቴ የስኳር ቀጠሮ ወሰዳት፤
ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት፥ እሷንም ዝናብ ይሻማታል፥
የጅማ ሰማይ ሲያጉረመርም ማን ይከራከራል?

«ይሄ ለጀማሪ ነው» አለኝ ናዚፍ ሳቅ ብሎ።
«ጊዜ ላነሰውም» አልኩት፤ ከፈልኩ ቶሎ።

መንገድ ጀምሬ ግን ዞርኩ፦
«የስሱ ሰባት ቁጥር… ለብቻዋ ስንት ነች?»