እሳት ምን ወለደ

ኢዳ ጉንደርሰን ጉቶ ላይ ጎንበስ ብላ፣
ቀለበት ትቆጥራለች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ምሳ ሳትበላ።
አንዱ ክብ አንድ ዓመት፤
ሰፊው የዝናብ ነው፣ ጠባቡ የጥማት።
ጥቁሩ ጠባሳ ግን፣ ያ የሚያጥፈው ክቡን፣
እሳት ያለፈበት፣ የቀመሰው ግንዱን።
«እዚህ» ትላለች፣ «እዚህ፣ ደግሞ እዚህ፤ በየዐሥር ዓመቱ
እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባ ነበር ከቤቱ፤
ሣሩን አጨድ አርጎ፣ ቁጥቋጦውን ልሶ፣
ይሄድ ነበር ወዲያው፣ ጭረት ትቶ፣ አመድ አልብሶ።»

ከዚያ ግንዱ ዝም ይላል።
መቶ ክብ፣ ያለ አንድ ጠባሳ፤
መቶ ዓመት ሙሉ፣ የእሳት ስሙ እንኳ እንደተረሳ።
«ያ ዝምታ» ትላለች፣ «ያባቴ ሥራ ነው»፤
ጣቷን አላነሣችም ከለሰለሰው።
አባቷ ካርል፣ ከአውሮፕላን በጃንጥላ የሚዘል፣
ጭስ ባየ ቁጥር በአካፋ የሚገድል።
አንዴ ፎቶው ወጣ በሚዙላ ጋዜጣ፤
ፊቱ ጥላሸት ነው፤ ጥርሱ ብቻ ነጭ፣ ከጥቁሩ ውስጥ የወጣ።
ጀግና ነበር። ማን ይክደዋል?
ግን ያልተቃጠለ ሣር የት ይሄዳል?
ይከማቻል፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ፣
እንደ ዕዳ ወለድ፣ ማንም ሳያይ።

ጎረቤቷ ኢኔያስ፣ ከሳሊሽ ሰዎች፣
ሲሰማ ይስቃል፤ ደረቅ ሳቅ፣ እንደ ወደቁ ቅጠሎች።
«አያቴን» ይላል፣ «ዳኛ ፊት አቆሟት፣
ለዱር እንጆሪ ስትል፣ በማለዳ ሣር ስትለኩስ አግኝተዋት።
እሳት ባዳ አልነበረም፤ የቤት ልጅ ነበረ፤
በር ዘጉበት። ሲራብ ከረመና፣ አውሬ ሆኖ አደረ።»

እኔ የኢዳን መሰርሰሪያ የምሸከም ሰው ነኝ። በቋንቋዬ ተረት አለ፣
«እሳት አመድ ወለደ» የሚል፣ ለማይረባ ልጅ የተባለ።
ብነግራት ራሷን ነቀነቀች፤
ከኪሷ የጥድ ፍሬ አወጣች፣
በሙጫ የታሸገ፣ እንደ ጡጫ የተጨበጠ።
«ይህ» አለች፣ «ለዝናብ እጁን ያልሰጠ፣
ሙጫውን የሚያቀልጠው እሳት ብቻ ነው።
ከትልቁ ቃጠሎ በኋላ ወጥቼ አመዱን ሳየው፣
ዘር ፈሶበታል። በሁለተኛው ዓመት ከጉልበቴ በታች
አረንጓዴ ሰልፍ፣ ግፊያ የያዙ ተማሪዎች።
እሳት ጫካ ወለደ እላለሁ እኔ፣
ያየሁት ነው በዓይኔ።»

ያኔ እውነት ነበር።

ችግኝ ፍሬ ለመቋጠር ዕድሜ ይፈልጋል፣
ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ይቆያል።
በረዶው ግን ከተራራው ቶሎ መውረድ ጀመረ፤
ድሮ እስከ ሰኔ የሚቆየው፣ በሚያዝያ ቀረ።
ሐምሌ በዚያ አገር ዝናብ የለውም፤ አሁን ጠሉም ነጠፈ።
በዐሥራ አንደኛው ዓመት ደረቅ መብረቅ አለፈ፤
ልጆቹን አገኛቸው፣ ገና ፍሬ ሳይቋጥሩ፣
ገና ትከሻ ለትከሻ ሲለካኩ፣ ሲፎካከሩ።

ኢዳ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤
በገመድ የከለለችውን መሬት በጉልበቷ ዳሰሰች።
ችግኝ፦ ዜሮ።
ችግኝ፦ ዜሮ።
ሣር። የማታውቀው ሣር።
ጢንዚዛ በበላው ግንድ ሥር አንድ ወይን ጠጅ አበባ፣ ብቻውን።
ስትመለስ መኪናው ውስጥ ቁልፉን ሳትነካ
ብዙ ቆየች። «ተረትህ» አለች፣ «ለሁለተኛው እሳት ነው ለካ።»

በመጋቢት መጨረሻ ኢኔያስ ፈቃድ አገኘ፤ አራት ማኅተም ያለበት፣
ሁለት ዓመት የተመላለሰበት ወረቀት፤
እስከ ቀትር ብቻ፣ ነፋሱ ቀስ ካለ፣ ከታችኛው ዳገት።
ችቦውን ለኢዳ ዘረጋላት።
የካርል ልጅ እጇን ኪሷ ከተተች። አወጣች። ከተተች።
ከዚያ ተቀበለች።
ትንሿ ነበልባል በሣሩ ጫፍ እንደ ቡችላ ሮጠች፤
አሮጌው ፖንደሮዛ እግር ሥር ደርሳ፣ አሽትታ ተቀመጠች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ዞረ።
አጠፉት። በአካፋ።
የተቃጠለው በሙሉ የአልጋ አንሶላ ቢያክል ነው፤ ሁለት አንሶላ፣ ቢሰፋ።
«ዘንድሮ ይህን ያህል» አለ ኢኔያስ፣ ባርኔጣውን እያራገፈ።
ኢዳ አልመለሰችም። ግንዱ ላይ ጭረት ነበር፣ ጣት የማያህል፣ ጥቁር፤
ከመቶ ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ ፊደል፣
ወይም የፊደል ጅምር።