ሆደ ሰፊ ነበርኩ

ከአምስት እጁ አራቱን
ቆርጠው ወሰዱልኝ ያን ትልቅ ስልቻ፤
የተረፈኝ ሙዝ የሚያህል
ቀጭን ከረጢት ብቻ።
ከማደንዘዣው ስነቃ ስለ ቁስሌ አልጠየቅሁም።
«የት ጣላችሁት?» አልኳት ነርሷን። ሳቀች እንጂ አልመለሰችም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣
ማቶዚኞስ ወደብ ላይ፣ ምድጃዬ በሌሊት ነዶ፣
ክሬሙን በጣቴ ቀምሼ፣ ስኳሩን በዓይኔ መጥኜ
ለሰው ጣፋጭ ሳድል የኖርኩ፣ ኬክ ጋጋሪዋ ኢዳሊና ነኝ እኔ።

«ሆደ ሰፊ» ይሉኝ ነበር፤ አልዋሹም።
የባሌ እህት ዙልሚራ፣ በየእሁዱ ማዕድ፣
ወንበሬ ሲጢጥ ባለ ቁጥር የምትወረውረውን ነገር
ከሩዙ ጋር ዋጥ አድርጌ
እዚያ አኖረው ነበር።
የእናቴን ሞት፣ ያልተወለደውን ልጅ፣ የባንኩን ደብዳቤ፣
ሁሉንም እዚያ አስቀመጥኩ፣ አንዱን ባንዱ ደርቤ።
አሁን ያ ሁሉ የት ይደር?
ሙዝ የምታህል ጓዳ
ውሃ እንኳ በጠብታ ነው የምትቀበል፣
እንደ ፈራ ባለ ዕዳ።

ቁስሉስ ምንም አልነበረ። ያሰቃየኝ ትከሻዬ ነው፤
የነፉብኝ አየር መውጫ አጥቶ አጥንቴ ሥር ተወሸቀ፤
የግሉኮሱን ብረት ይዤ ኮሪደሩን ስመላለስ
ጎህ ቀደደ፣ በመስኮቱ አንድ መርከብ ከወደብ ራቀ።
ነርሷ በመድኃኒት ስኒ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ሰጠችኝ።
«ተጎንጪ። አምስት ደቂቃ ጠብቂ። እንደገና ተጎንጪ።»
ወተት በባልዲ የማፈላ ሴት
ሰዓት እያየሁ ጠጣሁ።

ሦስተኛው ሳምንት፦ እንቁላል። ግማሽ ማንኪያ።
ቸኮልኩና ደረቴ ላይ ቆመ፤
አረፋ እያስታወክሁ ጎንበስ ስል
ፋውስቶ ጀርባዬን ዳበሰ፣ የተረፈውንም በላ።
(አሁን የሚወፍረው እሱ ነው፤ ያልቀመስኩት ሁሉ እሱ ላይ ተጠራቀመ።)

በአራተኛው ወር ጸጉሬ ሄደ፤
በማበጠሪያ አይደለም፣ በመዳፍ። የመታጠቢያው ቱቦ ተዘጋ።
ሰው ባሕር ዳር ራቁቱን ፀሐይ ሲሞቅ
እኔ ካፖርት ደረብኩ።
የክንዴ ቆዳ ተንጠለጠለ፣ ነፋስ እንደከዳው ሸራ፤
ሰፋፊ ልብሶቼን ሰው ወሰዳቸው፤
ይሄ ብቻ ወሳጅ አጥቶ ቀረ ከኔው ጋራ።

አንድ ሌሊት ደግሞ ጣቴ ረሳ፤
ክሬሙን ነክቶ አፌ ገባ፣ ልማድ ቀደመኝ።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ጋለበ፣ ላብ አጠመቀኝ፤
ዱቄት ጆንያ ላይ ተጋደምኩ፣ ጣራው ዞረብኝ።
ሃያ ሦስት ዓመት ያበላኝ ስኳር
እንደ ማያውቀኝ ሆነብኝ።
አሁን የሚቀምስልኝ ረዳቴ ዱዋርቴ ነው።
«እንዴት ነው?»
«ጥሩ ነው።»
«ጥሩ ምን ማለት ነው፣ አንተ ልጅ? ሎሚው ቀድሞ መጣ ወይስ ዘግይቶ?»
በቃል መቅመስን እያስተማርኩት ነው፤ ይቀላል እሱ ክሬሙን ማብሰል።

ባለፈው እሁድ ዙልሚራ ሳህኔን አየች።
«ቀላሉን መንገድ መረጥሽ» አለች፣ ድንቹን እያዞረች።
እንደ ወትሮዬ ልውጣት አልኩ፤
ቃሏ ግን እንደዚያ እንቁላል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።
ቦታ የለም። ከየት ይምጣ?
አንድ በአንድ መልሼ ማዕዱ ላይ ዘረገፍኩት፣ የሃያ ዓመቱን፤
ወንበሩን፣ ሠርጌን፣
በእናቴ ቀብር ላይ ያለችውን።
ማንም አልጮኸም። ድንቹ በረደ።
ፋውስቶ ዝም ብሎ ተነሣ፣
ትንሿን ስኒ ውሃ ሞልቶ አጠገቤ አኖረ።

አልዳንኩም ገና።
በየወሩ መርፌ አለ፣ ብረት አለ፣ ሐኪሟ የሐሞት ጠጠር ትፈራለች።
ማታ ማታ ባር ባር የሚለኝ ደግሞ
የሌለው ሆድ ነው፣ የጣሉት።
ቀለበቴ ሁለቴ ሊጥ ውስጥ ጠፍቶ
አሁን አውራ ጣቴ ላይ ነው።

ወደ ባሕሩ ግንብ ሲኬድ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች፣
ድሮ እስክደርስባት የምሞትላት።
ትናንት ሳላያት አለፍኳት።
መቶ እርምጃ ያህል ሄጄ ትዝ አለችኝ፤
ተመለስኩ፣ ተቀመጥኩባት፣
ሳይደክመኝ፣
ዕዳ ያለብኝ መስሎኝ።