የቁም እድር

መዝገቡ ይኸውና፤ ጥራዙ ላልቷል፣
የፊቱን ቅጠል ግን ምስጥ ቀምሶት ትቷል።
«ሽምብጥ፣ ሰባ ስምንት» ይላል ከአናት ላይ፣
የአባቴ የእጅ ጽሕፈት፣ ወደ ግራ አዘንባይ።
አንድ ድንኳን፣ ሁለት በርሜል፣ አምስት ብረት ድስት፣
አሥራ አራት አግዳሚ (የአንዱ እግር ስብርት)፣
አካፋና ዶማ፣ የቃሬዛ እንጨት፤
በሙሉ የሞት ዕቃ፣
ለቁም ሰው የሚሆን አንድ ማንኪያ የሌለበት።

ሰማንያ ዘጠኝ፣ ጥር፣ እሑድ ከቀትር፣
ቅጣት እየተነበበ፣ የቀሪው ስም ሲቆጠር፣
ባንቺአምላክ ተነሣች፣ የፋብሪካዋ ፈታይ፣
የሌሊት ፈረቃው ጥጥ በጸጉሯ ላይ።

«ስሞት የምትሰጡኝ ሦስት መቶ ብር አለ፤
አሁን ስጡኝ» አለች፤
«ልጄን ላስታምምበት፣ እስትንፋሱ ሳለ።
የዚያን ቀን ድንኳኑን አትትከሉ ለኔ፣
በሰሌን ጠቅልሉኝ፣ ይበቃል ለጎኔ።»

ሰብሳቢው ጓንጉል ደንቡን ገለጠው፦
«አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሞት ነው የሚያስከፍለው።
የቁም እድር የለም።»
ዝም።
ከሐይቁ መጣ ነፋስ፣ ወረቀቱን ገለበጠው።

ከኋላው ወንበር ጥግ ታንኳ ሠሪው ይመር
የደንገል ስንጥር ከጣቱ ሲነቅል ነበር።
«የኔንም ጨምሩላት» አለ ቀና ሳይል፣
«እኔን ጣና ይቀብረኛል፤
ገንዘብ አይጠይቅም፣ ድንኳንም አይተክል።»

ጓንጉል ቁልፉን ይዞ ውልቅ አለ በንዴት።
ጓጉንቸሩን ሰበሩት፤
ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አያውቅም ያ ቤት።

ማክሰኞ ተተከለ ድንኳኑ ከሜዳው፣
ነጠላ ያዘቀዘቀ መጣ ከየማዶው።
«ማን ነው የሞተው?» ሲል
«ገና ማንም» አሉት። «ይልቅ ውሃ ቅዳ፣
ያን አንሶላ ዘርጋ፣ ይኼን ልጅ አንሳና አጥበው በጓዳ።»
አልጋ ሆነ አግዳሚው፣ ሁለት ሁለት ገጥሞ፤
እግረ ስብሩ ብቻ
መድኃኒት ያዘ፣ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ።

ዛሬ ሦስት ክፍል ነው፣ ከጎርፉ ቦይ በላይ፤
ስፌት አለ፣ የቤት ለቤት ጥየቃ፣
የአረጋውያን ምሳ ረቡዕ ረቡዕ ላይ።
ይመርን ጣና ወሰደው፣ እንዳለው፣ በክረምት፤
የአባቴን እርሳስ እኔ ወረስኩት።

ልጇ ያን መጋቢት አረፈ፤ እናት ግን አልሞተች፤
በየወሩ መጥታ መዋጮዋን ትከፍላለች።
ኦዲተሩ መጣ፣ መስመሯን ጣቱ ነካ፦
«የሞቷ ተከፍሏል፤ ሰዪቱ አለች ለካ!
ይህ ሒሳብ አይገጥምም፤ ዝጊው» አለኝ።

እርሳሱን አነሣሁ።
አይገጥምም።
አልዘጋሁትም።