ሮዝ በነጭ ጠመኔ

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ጠባብ ክፍል
በነጩ ጠመኔ "ሮዝ ይሆናል" ስል፣
ፌኖልፍታሊን ብዬ ስጽፍ፣ ልጆቹም ሲጽፉ፣
"ሮዝ" ብለው መልሰው ፈተናውን ሲያልፉ፣
አንድም ቀን አላየሁ ሮዙን በዓይኔ፤
ከመጽሐፍ ወደ ደብተር ተሸካሚ ነበርኩ እኔ።

ቤተ ሙከራውማ አለን፤ ቁልፉ ነው የጠፋ።
በመስኮቱ ስንጥቅ ሳይ አቧራው ተንሰራፋ፤
ሦስት ብልቃጥ፣ አንድ ጎኑ የወለቀ ሚዛን፣
የቀረው የተሰባበረ ወንበር መጋዘን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ከባሕር ዳር
ጭጋጉን ቀዶ ዘጌ ደረሰ፣ በእምቦጩ ዳር ዳር።
ወረደች ትርንጎ፣ የጫማዋን ክር ፈታ፣
ሎሚ፣ አቼቶ፣ ሳሙና፣ ጥቅል ጎመን ሸምታ።
"ይኼ ነው ሥልጠናው?" አለኝ መምህር ስሜነህ፣
"አበል ስንጠብቅ የወጥ አስቤዛ መጣልህ!"
ተቀመጥን ከኋላ፣ እጃችንን አጣጥፈን፣
ስንቱን ሥልጠና እንዲህ በዝምታ አሳልፈን።

ጎመኑን ከተፈች፤ የቴርሞስ ፍል ውሃ ደፋችበት፤
እንደ ታቦት ጥላ ወይነ ጠጅ ወጣበት።
አንገቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ለየልጁ አዳረሰች፣
"ሎሚውን ማን ይጨምቅልኝ?" ብላ አንጓችን አስነሣች።
አንጓች የጥላዬ፣ መረብ ያሻከረው እጅ፣
ሁለት ዓመት አስተምሬያት ድምጿን የማላውቃት ልጅ፣
ጨመቀች።

ሮዝ።

የመጽሐፉ ሮዝ አይደለም፤ የጎመን ሮዝ ነው፤
ግን ሮዝ ነው! እዚያው፣ ከፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው።

ርግቦች ከቆርቆሮው ተነሥተው በረሩ፤
"ሎሚ የትርንጎ ዘመድ!" እያሉ ልጆቹ ዘመሩ።
"አዎ፣ አጎቴ ነው" አለች።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው? በአመድ ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤
አንዱ ምራቁን ተፍቶበት ለውጡን ተማጠነ።
ስሜነህ እንኳ፣ ያ አበል ጠባቂው፣ እጅጌውን ሰብስቦ
የጨጓራ ክኒኑን ፈጭቶ ከቀዩ ጨመረ፣ ጎንበስ ብሎ ቀርቦ።
"አየህ?" አለኝ፣ "አየህ? ይኼ ዘወትር የምውጠው
ለካ ሆዴ ውስጥ ገብቶ እንዲህ ነው የሚለውጠው!"

"ሐይቁስ?" አለች አንጓች፣ "ጣናስ የቱ ነው?"
ዝም አልን። የኛ መጽሐፍ ጣናን አያውቀው።

ወረድን ሁላችን። የደንገል ታንኳዎች ዳሩ ላይ ተኝተዋል፤
ራቅ ብሎ እምቦጩ ምንጣፉን ዘርግቷል።
በኩባያ ቀዳች፤ ወይነ ጠጁን ጠብ አደረገች፤ ጠበቅን፣
ጉማሬ ይወጣል እንደተባለ ሰው ትንፋሻችንን ደብቀን።
ቀስ ብሎ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አየን፣
ተጠራጠርን፤ ደግመን ቀዳን፤ ደግመን አየን።

"ለምን?" አለች፣ ወደ እኔ ዞራ፣ ወደ ትርንጎ ሳይሆን።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣኝ ቃል ወጣኝ ያን ቀን፤

"አላውቅም።"

ይኮመጥጠኛል ብዬ ስሸሸው ነበር የኖርኩት እስከ ዛሬ፤
ውሃ ነው፤ ተራ ውሃ ነው፤ አየሁት ሞክሬ።

በማታው ጀልባ ሄደች ትርንጎ። ጎመኑ ግን ቀረ፤
በሦስተኛው ቀን ሸተተ፣ ክፍሉን ሁሉ አሸበረ።
ቁልፉ አልተገኘም። አበሉም ገና ነው ይላሉ፤
ሰኞ ግን ደወል ሳይደወል ልጆቹ በር ላይ አሉ፤
የጉድጓድ ውሃ፣ የጎርፍ ውሃ፣ በየኪሳቸው ብልቃጥ።
አንዱማ የእናቱን ጠላ፣ ክዳኑ ልፈንዳ እያለ በዱብ ዕዳ ሩጫ ሲያላልጥ።
አንጓች የእምቦጩን አበባ ቀቅላ በጠርሙስ ይዛለች፤
"ጎመን ባይኖርስ ብዬ ነው" አለች።
"ይሠራል?" ብላት፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ያው፣ እንደኔው።

ጠመኔውን ኪሴ ጨመርኩ።
"እስቲ ሎሚ ያላችሁ" አልኩ።